ሳጥኗ አልዋሸችም… ያስዋሸኋት እኔ ነኝ!

ይህን ጉዳይ አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለጓደኞቼ አልነገርኩም፤ ንስሐ ስገባ እንኳ ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም። «አባ፣ አንድ የአውሮፕላን ዕቃ ከመስታወት ላይ ወድቆብኝ ጋቢዬ ውስጥ ደበቅኩት» ተብሎ ይነገራል እንዴ? የኃጢአቱ ስም ራሱ ምን ይባላል?

ግን ሰው ሊሞትበት ይችል ነበር። አንዷ ሟች እኔ፣ ሌላው ያኔ ላገባው ቀለበት ያሰርኩለት ሰው። እንግዲህ ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ 22 ዓመቴ ነበር። የሰቆጣ ልጅ ነኝ። ከከተማው ወጣ ካለች ቀበሌ ፍየል ስጠብቅ አድጌ፣ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ መጣሁ። 12ኛን ጨረስኩ፤ ማትሪክ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ይኸው በብዕሬ እፍጨረጨራለሁ። እሱ ደግሞ የቦሌ ልጅ ነው፤ ፓይለት። ትልቁን አየር መንገድ እንዳይመስላችሁ! ቱሪስት የሚያመላልስ የቻርተር ድርጅት ውስጥ አንድ ሞተር ያላት ትንሽ ሴስና ያበር ነበር። የት ተገናኛችሁ ለምትሉኝ፣ ሰርግ ላይ ነው፤ እሱን ሌላ ሳምንት።

ላሊበላ ጥምቀትን ያከበሩ ሦስት ቱሪስቶች ነበሩ፤ እነሱን ሊያመጣ ባዶዋን ይሄዳል። አለቃው እኔን ይዞ እንዲሄድ ፈቀደለት። እሱ ደግሞ የኔን ልብ ለመግዛት ምን አደረገ መሰላችሁ? የበረራ ፕላኑን ሲያስገባ ከላሊበላ አልፎ እስከ ሰቆጣ እንዲሄድና እንዲመለስ አድርጎ ሞላው፤ የነዳጁን ልዩነት ከደሞዙ ሊያስቆርጥ ተስማማ። ላሊበላና ሰቆጣ በመኪና እንጂ በአየር ቅርብ ናቸው፤ 75 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። «የተወለድሽበትን ቤት ከላይ አሳይሻለሁ» አለኝ። እናንተዬ፣ ከዚህ በላይ ፍቅር አለ? አበባማ ማንም ይገዛል!

ችግሩ እናቴ ናት። እናቴ ስለ አውሮፕላን ያላት አስተያየት አጭር ነው። በደርግ ጊዜ ሚግ ሲመጣ ልጅ አዝላ ዋሻ የገባች ሴት ናት። ዛሬም ድምፁን ስትሰማ ቀና ብላ ሰማዩን አታይም፤ የምትሸሸግበትን ጥግ ነው የምትፈልገው። በዚያ ላይ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ማክስ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ ገና ዓመት አልሞላም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መኪና ጠፋ ወይ?» አለችኝ በስልክ።

ስልኩን ለሱ ሰጠሁት። እሱም በዚያ ምላሱ፣ «እማማ አይዞዎት! ሌላ አውሮፕላን ሲመጣ የምታሳይ ሳጥን ገዝቻለሁ» አላት።

«ሳጥኗ ታያለች?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄ፣ ሳጥኗ ካየች አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

ሳቅን። ያኔ ሳቅን!

ይህቺ ሳጥን እንግዲህ የሲጋራ ፓኮ ብታክል ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዱ ልኮለት ሳምንቷ ነበር። ሁለት አጫጭር አንቴና አላት፤ የጉንዳን ቀንድ የሚመስል። ሥራዋን ልንገራችሁ፤ እኔ ከሱ እንደሰማሁት። አብዛኛው አውሮፕላን ትራንስፖንደር የሚባል ዕቃ አለው። አዲሶቹ ትራንስፖንደሮች ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ እገሌ ነኝ፤ እዚህ ቦታ ነኝ፤ ከፍታዬ ይህን ያህል ነው» እያሉ በሰከንድ ሁለቴ ያህል በሬዲዮ ይለፍፋሉ። አሠራሩ ኤዲኤስ-ቢ ይባላል፤ ሞገዱ 1090 ሜጋኸርዝ ነው። ሳጥኗ ይህን ልፍለፋ ትሰማና በዋይፋይ ለታብሌቱ ትነግረዋለች። ታብሌቱ ፓይለቱ ጭን ላይ በማሰሪያ ታስሮ ይቀመጣል። ሌላው አውሮፕላን ካርታው ላይ እንደ ቀስት ጫፍ ሆኖ ይታያል፤ አጠገቡ ቁጥር አለ። «+05» ካለ ከኛ 500 ጫማ ከፍ ብሏል፤ «-10» ካለ 1,000 ጫማ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። የሰፈራችን ወሬ አቀባይ ሴትዮ ማለት ናት፤ የሚያወራውን ሁሉ ትሰማለች፤ ዝም ያለውን ግን አታውቀውም።

ይቺን ነገር መጀመሪያውኑ ነግሮኝ ነበር። «ትራንስፖንደር የሌለው ወይ ያጠፋ አውሮፕላን አይታይም። ከተራራ ጀርባ ያለም አይታይም። አሞራም አይታይም» አለ። አሞራን ያነሳው ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ሲነሳ የነበረ የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ እርግብ ውጠው ተከስክሷል። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የኛ አገር ፓይለት ይህን ታሪክ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በኮትዲቯር፣ አቢጃን ሰማይ ላይ አንድ ጥንብ አንሳ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከጄት ጋር ተጋጭቷል፤ ያው የኛም ገደል ላይ የሚኖረው ዓይነት አሞራ ነው። የኛዋ ሴስናማ እዚያ አትደርስም።

እና ያን ማለዳ ቦሌ፣ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች የሚቆሙበት ጋ ሳጥኗን የመግጠሙ ሥራ ለኔ ተሰጠኝ። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ! እሱ ውጭውን ክንፉን፣ ጎማውን፣ ዘይቱን እየዞረ ያያል፤ እኔ በቀኝ ወንበር ተቀምጬ እገጥማለሁ። መጀመሪያ መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ማጽዳት ነው። በአልኮል ልጠርገው ስል ጮኸብኝ፤ ለካ የትንሽ አውሮፕላን መስኮት መስታወት አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው፤ አልኮል ይሰነጣጥቀዋል። ከዚያ ሳጥኗን የሚይዘውን ላስቲክ ጎን መስኮቱ ላይ አስደግፎ በአውራ ጣት መሀሉን ጭኖ አየሩን ማስወጣት። ለምን የፊት መስታወት ላይ አይሆንም ብዬ ጠየቅኩ። አንደኛ፣ የሚያይበትን ይጋርደዋል። ሁለተኛ፣ ኮምፓሱ እዚያ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲጠጋው ይሳሳታል። ሦስተኛ፣ ፀሐዩ ያቃጥላታል። አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ሰማይ ማየት አለባቸው፤ ብረትና ሰው ሊጋርዳቸው አይገባም። የፓወር ባንኩ ገመድ ደግሞ በመሪው በኩል እንዳያልፍ በወንበሩ ጎን ዞሮ ይታሰራል። ሦስቴ አስጫነኝ። «በደንብ ጫኚው እንጂ! እንደ ምጣድ አሰሺው አላልኩሽም!» እያለ።

ከዚያ ከፈታት። አረንጓዴ መብራት በራ። ታብሌቱ ከሳጥኗ ጋር መገናኘቱን አሳየ። እኔም አየት ሳደርገው ልክ እኛ ላይ፣ ዜሮ ከፍታ ልዩነት፣ አንድ ቀስት ተጋድሟል!

«ኡኡ! ላያችን ላይ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ መቼ ይቆማል! የአውሮፕላኑ መካኒክ ሳይቀር ሳቀ። ለካ ሳጥኗ የገዛ ራሳችንን ትራንስፖንደር ሰምታ ነው። የራስን አውሮፕላን መለያ ኮድ አስገብቶ «ይህን ተይው፤ እኔ ነኝ» ካላሏት ራስህን እንደ ጠላት ታሳይሃለች። ኮዱን አስገባ፤ ቀስቱ ጠፋ። የሳቁ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሴት ልጅ በተሳቀባት ቁጥር አንድ ነገር መደበቅ ትማራለች… ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ሌላም ትምህርት ነበር። «አንድ ነገር ካየሽ በሰዓት ንገሪኝ» አለኝ። በሰዓት? የአውሮፕላኑ አፍንጫ 12 ሰዓት ነው፤ ጅራቱ 6 ነው፤ ቀኝ ክንፍ 3፣ ግራ ክንፍ 9። «10 ሰዓት ላይ» ካልኩት ወደ ግራ ፊት ለፊት ያያል። እኔ «10 ሰዓት ላይማ ላሊበላ ቡና እየጠጣን ነው» አልኩት። ደግሞ ሳቀ። የፈረንጁ ነው የሀበሻው ብዬም ጠይቄ ነበር፤ የሰዓቱ ፊት ያው ነው አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ተነሳን። የሸዋን ደጋ፣ ከዚያ የወሎን ተራራ ከላይ ማየት እንዲህ ነው ብዬ አልጽፍላችሁም፤ ልጽፍ ሞክሬ አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም። ብርዱ ግን ይጻፋል። 13 ሺህ ጫማ ግድም ላይ ነን፤ የዚያች ሴስና ማሞቂያ እግርን ለብ አድርጎ ጉልበትን የሚረሳ ነው። ለእናቴ ስጦታ የያዝኩትን ጋቢ አውጥቼ ለበስኩት። ታብሌቱ ላይ አልፎ አልፎ ቀስት ይመጣል፤ «+150»፣ «+220»፤ ከላያችን ሩቅ የሚያልፉ ትልልቆቹ ናቸው። እሱም በጣቱ እያሳየኝ «ተመልከች፣ ይሄኔ አንዱ ቁርስ እየበላ ነው» ይለኛል።

ዋግ ምድር ገባን። ወገኖቼ፣ አገሬን ከላይ ሳያት አለቀስኩ። ጥር ነው፤ መሬቱ የአንበሳ ቆዳ መስሏል። ገደሉ፣ እርከኑ፣ በምዕራብ ተከዜ የቆረጠው ጉድጓድ፣ ከዚያ የሰቆጣ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል! ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ከአለቱ ለይቼ ላየው ፈለግኩ፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ከላይ እንዴት ይታያል? አለቱን ነው የማየው። በነሐሴ ሻደይ የምንጨፍርበትን ሜዳ ግን አወቅኩት። ቤታችን ይኸ ነው ያኛው ነው እያልኩ ጎንበስ ቀና ስል፣ በክርኔ ይሁን በብርዱ እግዜር ይወቀው፣ ሳጥኗ ጧ ብላ ጭኔ ላይ ወደቀች።

ኋላ እንዳነበብኩት ያ ላስቲክ የሚይዘው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ያኔ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስጫነኝ፤ አሁን ደግሞ ይስቅብኛል።

ቀና ብዬ አየሁት። ወደ ደቡብ ወደ ላሊበላ እየዞረ ነው፤ ካርታው ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል። አላየም። ሳጥኗን ቀስ ብዬ በጭኔና በበሩ መካከል አስገባኋት፤ ጋቢውን ጣል አደረግኩባት። አንቴናዎቿ ታጠፉ። «ስናርፍ እመልሳታለሁ» አልኩ በልቤ። አረንጓዴዋ መብራት ከጋቢው ሥር አሁንም ትበራለች፤ ታብሌቱም ከሳጥኗ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም።

ጋቢ እንኳ ሬዲዮ አይከለክልም፤ ጥጥ ነው። የሚከለክለው የበሩ ብረትና የኔ ሰውነት ነው። ሰው ማለት ውሃ ነው፤ ያ ሞገድ ውሃ ውስጥ ይሞታል። እኔ ራሴ ግድግዳ ሆኜ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ታብሌቱ ባዶ ሆነ። አንድም ቀስት የለም።

እሱም አየት አድርጎ፣ «ሰማዩ የኛ ብቻ ነው» አለኝ። ፈገግ ብሎ።

አሁን ወደ ፍየል ጥበቃ ልመልሳችሁ ነው፤ አትሰልቹ። እኛ አገር ግልገል የሚጠብቅ ልጅ ሰማይ ያያል። ንስር አለ፤ ገና የተወለደ ግልገል ይወስዳል። ታዲያ ሰማይ ላይ የምትዞር ወፍ አታስፈራም። ወደ ግራ ወደ ቀኝ የምትሄድ ወፍ ወደ ሌላ ሰው ነው የምትሄደው። የምታስፈራዋ አንድ ቦታ ላይ ተሰክታ የቆመች የምትመስለው ናት፤ አትንቀሳቀስም፤ ዝም ብላ ታድጋለች። እሷ ወዳንተ እየመጣች ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሁለት ግልገል ከፍዬበት ነው የተማርኩት። በኋላ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ፓይለቶችም የሚማሩት ይህንኑ ነው! ሊጋጭህ የሚመጣ አውሮፕላን መስታወትህ ላይ ቦታውን አይቀይርም፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚጨምር። ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት ይወዳል፤ የቆመውን ይዘለዋል። ለዚህ ነው ሰማዩን ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ዓይንን ትንሽ አቁሞ ማየት የሚባለው። ዓይንን ዝም ብሎ ማንከራተት ማየት አይደለም።

እኔ ያን ጊዜ በቀኝ በኩል የተከዜን አቅጣጫ እያየሁ ነበር። አንዲት ነጭ ነጥብ። ዓይኔን አንስቼ መለስኩ። እዚያው ናት። አልተንቀሳቀሰችም። ግን ወፍራለች።

ሆዴ ቀዘቀዘ። «ሁለት ሰዓት!» አልኩ።

«ኧረ ሦስት ተኩል ሆኗል» አለኝ፣ የእጅ ሰዓቱን አይቶ።

በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ እንዲህ ነው ያለኝ! ያን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው! እኔም ቋንቋው ጠፍቶኝ በእጄ መስኮቱን እየደበደብኩ «እዚያ! እዚያ! እዚያ!» አልኩ። ያኔ ዞር አለ።

ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። አንድም ቃል አልተነፈሰም። አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ ጣላት፤ ጋቢዬ፣ ውሃዬ፣ ቦርሳዬ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ወደሚመጣው መዞሩ ያበደ መስሎኝ ነበር። ለካ ሕጉ ነው፤ በቀኝህ ያለው ቅድሚያ አለው፤ አንተ በጅራቱ በኩል ታልፋለህ። ያኛው አውሮፕላን በግራ መስኮታችን፣ ትንሽ ከፍ ብሎ አለፈ። ጅራቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል አንብቤያለሁ። ሆዱ ላይ ያለውን የዘይት እድፍ ሳይቀር አይቻለሁ።

ከዚያ ዝምታ። ሬዲዮውም ዝም ያለ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እጁን ዘርግቶ አንድ ቁልፍ አዞረ፤ የሰው ድምፅ ማዳመጫዬን ሞላው፤ የሆነ ሰው በእንግሊዝኛ እየደጋገመ ይጠራል። እሱም መለሰለት። እኔ ግን ምኑንም አልሰማሁ። የማስበው ሌላ ነው። እሱ ላሊበላ ማኮብኮቢያው ላይ ዓይኑን ተክሎ ለማረፍ ሲዘጋጅ፣ እኔ ላስቲኩን በምራቄ አርሼ፣ ሳጥኗን መስኮቱ ላይ መለስኳት። አንቴናዎቿን አቃናሁ። ጫን፣ ጫን፣ ጫን። ያዘች!

ካረፍን በኋላ የዚያኛው አውሮፕላን ፓይለት መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ከጎንደር በኩል ሰው ይዞ የመጣ ትልቅ ሰው ነው። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። እጮኛዬን ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ «ልጄ፣ እኔ በኔ ስክሪን አይቼህ ነበር፤ የምታየኝ መስሎኝ ነው። ሬዲዮህ ይሠራል?» አለው።

እጮኛዬም ሳጥኗን በጣቱ እያሳየ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ቆሻሻ ናት ያላሳየችኝ! አምኛት ነው!» አለ።

እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አፌን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም። «አንቺ ባትኖሪ አልቀን ነበር» ብሎ አቀፈኝ። ያን እቅፍ እንዴት ተሸከምኩት! በአንድ ቀን ጀግናም ወንጀለኛም ሆንኩ፤ ጀግንነቴን ሁሉም አወቀ፤ ሌላውን እኔ ብቻ።

ሳጥኗን ያን ዕለት ነቅሎ ሰጠኝ። «ለትዝታ ያዥው፤ አልፈልጋትም» አለ። ከዚያ ወዲህ ለፓይለት ጓደኞቹ ሁሉ «ተንቀሳቃሽ ሳጥን አትግዙ፤ ውሸታም ነው» ይላቸው ነበር። እኔ ቡና እያፈላሁ እሰማለሁ። ስንቱ በኔ ምክንያት ሳይገዛ ቀረ? ስንቱስ ያለሱ በረረ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ላይ የዋሸሁት ውሸት ስንት ኮክፒት ገባ!

ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በመጋቢት ኮሮና ገባ፤ ቱሪስት ጠፋ፤ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ቆሙ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሳ። እሱ ሥራ ፍለጋ ውጭ አገር ሄደ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ሲገባ የሰቆጣ ስልክ ጠፋ። ለወራት እናቴን አላገኘሁም። ቀን በቀን እደውላለሁ፤ ቀን በቀን ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትለኛለች። ሰው ሁሉ መጥፎ መጥፎውን ሲያወራ፣ እሱ ብቻ ከዚያ ከሰው አገር ማታ ማታ እየደወለ «ድምፅ ስላልተሰማ የሉም ማለት አይደለም» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤ፣ ባዶዋን ታብሌት፣ ከጋቢው ሥር የምትበራዋን አረንጓዴ መብራት አስባለሁ። አሁን ልንገረው እላለሁ። አልነግረውም። እናቴ ደህና ነበረች፤ ስልኩ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «አንቺ ልጅ፣ በልተሻል?» ነው።

ከሱ ጋር ግን ሳንጣላ ተለያየን። ሩቅ አገርና ረጅም ጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። ዛሬ ባለትዳር ነው፤ የልጅ አባት ነው። ሚስቱ ይህን ካነበብሽ ሰላም በይልኝ፤ ሌላ ነገር የለውም።

እኔ በነዚያ ዓመታት ይህን ጉዳይ ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. ጀርመን፣ ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ ለሽርሽር የሚሄዱ የሩሲያ ልጆች ናቸው። ሁለቱም አውሮፕላኖች ውስጥ መሣሪያ ነበረ፤ በደንብ ይሠራ ነበር። ሩሲያዊውን መሣሪያው «ውጣ» ሲለው፣ ምድር ላይ ያለው ተቆጣጣሪ «ውረድ» አለው። ሰውየውን ሰምቶ ወረደ፤ ያኛውም መሣሪያውን ሰምቶ እየወረደ ነበር። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ መሣሪያ እያለ፣ እየሠራ፣ ሰው በመሀል ገብቶ የሚያጠፋው እኔ ብቻ አይደለሁማ ብዬ። እንዲህ ያለ ማጽናኛ! አያሳፍርም?

ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች ሞቱ። ሄሊኮፕተሩ ያለበትን ቦታ የሚለፍፈው ኤዲኤስ-ቢ እየሠራ እንዳልነበረ መርማሪዎች ተናገሩ። ዜናው በወጣ በሳምንቱ እሱ ደወለልኝ፤ ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። ስለ አደጋው አወራን። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «ያቺ ውሸታም ሳጥንሽ አለች?» አለኝ።

ነገርኩት። በአንድ ትንፋሽ። ላስቲኩን፣ ጭኔን፣ ጋቢውን፣ ምራቄን ሳይቀር። «ልትስቅብኝ ነው ብዬ ነው» አልኩት፤ እንደ ልጅ እያለቀስኩ።

ዝም አለ። የተቆረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። ደግሞ ዝም። ከዚያ፣ «ጋሼ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

ሬዲዮህ ይሠራል ነበር ያለው።

«ይሠራ ነበር። ሰቆጣ ላይ ዞረን ወደ ላሊበላ ስንጀምር ወደ ላሊበላው ሬዲዮ መቀየር ነበረብኝ። አንቺ ስታለቅሺ፣ ቤትሽን ስታሳዪኝ፣ እኔም ሰማዩ ባዶ ነው ብዬ ረሳሁት። ሰውየው አሥር ደቂቃ ሙሉ ሲጠራኝ ነበር። ካለፈን በኋላ ነው የቀየርኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ የሚያስቅ ሆኖ አይደለም። ለጓደኞቹ አንድ በአንድ እየደወለ እንዲነግራቸው አስማልኩት፤ ሳጥኗ ንጹሕ ናት ብሎ። እንደነገራቸው ነግሮኛል። አንዱ «እኔማ ያኔውኑ ገዝቻለሁ፤ አንተን ማን ይሰማሃል» ብሎታል አሉ፤ ደስ አለኝ።

በትንሽ አውሮፕላን የመሄድ ዕድል የሚገጥማችሁ ልጆች፣ እኔን አትሁኑ። የነካችሁትን፣ የወደቀባችሁን፣ ያዘዋወራችሁትን ወዲያው ንገሩት፤ ይሳቅባችሁ። ያያችሁትንም እንዲሁ፤ ወፍም ቢሆን። በሰዓት መናገር ካቃታችሁ በእጃችሁ ጠቁሙ፤ እኔን ያተረፈኝ እጄ ነው።

ሳጥኗ እስካሁን እኔ ጋ ናት፤ መሳቢያ ውስጥ። ባለፈው ቻርጅ ባደርጋት አረንጓዴዋ በራች። ኮተቤ ከሚገኘው ቤቴ መስኮት ላይ አስቀመጥኳት፤ ከቦሌ የሚነሱትን አንድ በአንድ ትለቅማለች። ላስቲኩን ግን ለይቼ የወጥ ቤቴ ሴራሚክ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የእጅ ፎጣ እሰቅልበታለሁ። በሳምንት አንዴ ይወድቃል።